ኤሌክትሪክ ልግዛ፣ ሃይብሪድ፣ ወይስ ያለችኝን መኪና ልያዝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቪትዜን ሸጬ ኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ልሂድ ሰርግ ቤት፣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ሳይጠይቀኝ አልወጣም። "እንዴት ነው ነገሩ? ያዋጣል?" ይለኛል። ጥያቄዎቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ለሁሉም የምመልሰውን አንድ ላይ ጻፍኩት። የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚነዳ የቤት መኪና ነው። ክፍለ ሀገር ለምትኖሩ አንዳንዱ ነገር ይለያል።

ከሁሉም በፊት ምን ልጠይቅ?

መኪናው የት ያድራል?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዋጋና ከሞዴል ነው። ወይ ደግሞ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ከሚለው። እኔ ግን መጀመሪያ የማደሪያውን ቦታ ነው የምጠይቀው። የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ፣ ቆጣሪው በስማችሁ ከሆነና መኪናው ከቆጣሪው ብዙ ሳይርቅ የሚቆም ከሆነ፣ ነገሩ ግማሽ በግማሽ አልቋል። ማታ ትሰካላችሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ማደያ የሚባል ነገር ከሕይወታችሁ ይወጣል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። መኪናችሁ የሚቆመው ክፍት ሜዳ ላይ ነው። ቤታችሁ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ነው። ከበረንዳ ገመድ ጥለው ቻርጅ የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ገመዱ ዝናብ ይመታዋል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ማኅበሩ ተስማምቶ ለብሎኩ በወጉ መስመር ካልተዘረጋ በስተቀር፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሚተማመነው የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ላይ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ይቻላል። ግን ሰልፉን ከማደያ ወደ ቻርጅ ጣቢያ ማዛወር ሊሆንባችሁ ይችላል።

ቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሎ የለ? ምርጫ አለኝ እንዴ?

አላችሁ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት፣ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ነው። አገር ውስጥ ያሉት ግን ይነዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። ክልከላው ግቢያችሁ ያለችውን መኪና አልነካም።

ከዚያ በፊትም መንገዱ እየጠበበ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር እንደ ዕድሜያቸው ሰቅሎት ነበር። ለአሮጌዎቹ እስከ 500 በመቶ ደርሷል። በኋላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ለሆኑት ማበረታቻ መጣ። ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚገባው 5 በመቶ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ምንም። የግብር ደንብ ይቀየራል። ስለዚህ ራሳችሁ የምታስገቡ ከሆነ የዕለቱን ከጉምሩክ ጠይቁ። "ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ይህን ያህል ከፈለ" በሚል ሒሳብ ብር እንዳትልኩ።

ሞተሯ ደህና የሆነች፣ ዘይት የማትበላ መኪና ካለቻችሁና ብዙ የማትነዱ ከሆነ፣ እሷኑ መያዝም ውሳኔ ነው። ጎረቤት ስለቀየረ ብቻ መቀየር የለባችሁም።

በገንዘብ ያዋጣል?

በቀን በምትነዱት ኪሎ ሜትር ይወሰናል። አብረን እናስላው።

አንድ ቪትዝ በአዲስ አበባ መጨናነቅ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። ቤንዚን ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ለስሌት ያህል ሊትሩን 120 ብር እንያዘው። 840 ብር ይሆናል።

መካከለኛ ኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክን ስላለ ቆጣሪው 17 ያህል ይቆጥራል። ተስፋችን እንዳያታልለን ሆን ብለን ዋጋውን ከፍ እናድርግና አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር እናስላው። 170 ብር ነው። ልዩነቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 670 ብር መጣ።

አሁን ራሳችሁን አስገቡበት። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ሰው ናችሁ እንበል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምታተርፉት ወደ 80,000 ብር ይሆናል። ደህና ብር ነው። ግን መኪናችሁን ሸጣችሁ በላዩ ላይ አንድ ሚሊዮን ብር ከጨመራችሁ፣ ያን ሚሊዮን በነዳጅ ብቻ ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል።

የራይድ ሹፌር ደግሞ አለ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር። ለእሱ ልዩነቱ 300,000 ብር ያልፋል። በዚያ ላይ ማደያ ተሰልፎ የሚያባክነው ግማሽ ቀን አለ። ያ ግማሽ ቀን እንጀራው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው፣ መኪናው የሚያድርበት ቦታ ካለው፣ ያለምንም ማመንታት ቀይር ነው የምለው።

የቤንዚኑንና የመብራቱን ዋጋ በዛሬው ተክታችሁ ራሳችሁ አስሉት። የመብራት ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። በተጨማሪ፣ የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲበዛ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ ቆጣሪያችሁ ላይ 170 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል። ምጣዱና ቦይለሩ ላይ ተደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ሊያሻግራችሁ ይችላል።

በቤት ሶኬት መሰካት ይቻላል?

ይቻላል። ግን ይህን ጥያቄ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። አደጋውን በራሴ ቤት አይቼዋለሁና።

መኪናውን በወሰድኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገመዱ አልደርስ ሲለኝ በዲቫይደር ቀጠልኩት። ቴሌቪዥንና ስልክ የምንሰካበት ዓይነት ተራ ዲቫይደር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ "የሚቃጠል ላስቲክ ይሸተኛል" ብላ ቀሰቀሰችኝ። ስወጣ የዲቫይደሩ ፕላስቲክ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ግድግዳው ጠቁሯል። ልጆቻችን የሚተኙት ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው።

ምን ሆኖ ነው? ምጣድም ብዙ መብራት ይስባል። ግን ምጣድ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል። መኪና 8 እና 10 ሰዓት ያለማቋረጥ ይስባል። የላላ ሶኬት፣ ቀጭን ገመድ፣ የቆየ መጋጠሚያ ያን ያህል ሰዓት አይችልም።

አሁን ያደረግኩት እንዲህ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከቆጣሪው ሥር በቀጥታ ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር አስዘረጋሁ። የራሱ ብሬከር አለው። ኧርዝ (ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ተቀበረለት። ብዙ ቤቶቻችን ኧርዝ የላቸውም፣ ወይም ሽቦው ብቻ አለና መሬት አልገባም። አንዳንድ መኪና ኧርዝ ካላገኘ ጭራሽ ቻርጅ አይቀበልም። ሰዎች "ቻርጀሩ ተበላሸ" ብለው ይዘውት ይዞራሉ፣ ችግሩ ግን የቤቱ ነው።

በተራ ሶኬት 10 አምፔር ብትስቡ 2 ኪሎዋት ያህል ነው። በ10 ሰዓት 20 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳችኋል። ለከተማ ኑሮ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ፣ ወፍራም ገመድና እሱን የሚችል ቆጣሪ ይፈልጋል። እሱን ከመግጠማችሁ በፊት መብራት ኃይልን ማማከር ግድ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ተከራይ ነኝ። አከራዬን እንዴት ላናግራቸው?

ከመግዛታችሁ በፊት አናግሯቸው። መኪናውን ግቢ ካስገባችሁ በኋላ አይደለም።

እኔም ተከራይ ነኝ። የግቢያችን ባለቤት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ነገሩ አስፈራቸው። "ልጄ፣ ቤቴን ታቃጥልብኛለህ፣ መብራቱንም እኔው ልከፍል ነው" አሉኝ። ሁለቱም ፍርሃት ልክ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም በሥራ መለስኩላቸው። መስመሩን በራሴ ወጪ አስዘረጋሁ፣ ስለቅ ለቤቱ እንደሚቀር ተስማማን። በመስመሩ ላይ ንዑስ ቆጣሪ አስገጠምኩ። በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አብረን እናነባለን። የምከፍለው ዋጋ ቢል ላይ ባለው ከፍተኛው ደረጃ ተሰልቶ ነው። ግቢውን የሚጋሩት ሌሎች ተከራዮች በእኔ ምክንያት እንዳይጎዱ ስለምፈልግ ነው። እማማ አሁን ማታ ማታ "ሰካህ ወይ?" ብለው ያስታውሱኛል።

መብራት ሲሄድስ?

ከጠበቅኩት ያነሰ ነው ያስቸገረኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምነዳው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባትሪው ግን ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ይይዛል። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ምንም አልሆንም። ሁለት ሌሊት ቢጠፋም አልሆንም። ያመጣሁት ልማድ ከ40 በመቶ በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ገመዱን ከሶኬት ንቀሉት። ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቻርጀሩን ሊጎዳ ይችላል።

ሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሳምንት የሚጨልም ሰፈር ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ብቻ መያዝ ከባድ ነው። እዚያ ሃይብሪድ (ቤንዚንም ኤሌክትሪክም የሚጠቀም መኪና) ወይም ያለችው መኪና ይሻላል።

በአንድ ቻርጅ በእውነት ስንት ይሄዳል?

ሻጩ ከሚነግራችሁ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተለካ ነው። መለኪያው በዝግታና በረጋ መንገድ ላይ ያተኩራል። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው 405 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። እኔ 300 ብዬ ነው የማስበው።

አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጎጃም መሄድ እችላለሁ?

አዳማ፣ አዎ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስትሄዱ ቁልቁለት ነው፣ ስትመለሱ ዳገት። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ያን ከፍታ መልሶ ለመውጣት ብቻ ከመንገዱ ፍጆታ በላይ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። የ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት መንገዱ ላይ በ100 እና በ110 ስትነዱ ባትሪው ከከተማው በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ በመሄጃው የቆጠራችሁትን በመመለሻው እንዳትጠብቁ። በትንሽ ባትሪ ከሆነ ምሳ እየበላችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ያዙ።

ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቅ ባትሪ ያለው ይደርሳል። የምታርፉበት ሆቴል ግን መሰካት የሚፈቅድ መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። "እዚያ ደርሰን እናያለን" በኤሌክትሪክ መኪና አይሠራም።

የጎጃም መንገድ ሌላ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ፣ ዳገቱ ብቻውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ ግማሹን ያህል ታገኛላችሁ። ፍሬኑም አይግልም፤ ያ ለዓባይ በረሃ ትልቅ ነገር ነው። ከደጀን ወዲያ ግን ፈጣን ቻርጅ አገኛለሁ ብሎ ቤተሰብ ጭኖ መውጣትን እኔ አላደርገውም። በየወሩ ጎጃም ወይም ወሎ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ብቸኛ መኪናችሁ አይሁን።

እሺ፣ ሃይብሪድስ?

ሃይብሪድ ስንል ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያለው ነው። አይሰካም። ራሱ ፍሬን ሲያዝና ሞተሩ ሲሠራ ትንሽ ባትሪውን ይሞላል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ፣ ቆም ነዳ በሚባልበት፣ ቤንዚን በጣም ይቆጥባል። ሁለተኛው የሚሰካ ሃይብሪድ ነው። ትልቅ ባትሪ አለው፣ ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይነዳል፣ ባትሪው ሲያልቅ ወደ ቤንዚን ይሄዳል።

የሚሰካውን የምመክረው ማደሪያም ላለው፣ ክፍለ ሀገርም ለሚመላለስ ሰው ነው። ሰኞ እስከ ዓርብ በመብራት፣ ገጠር ሲወጣ በቤንዚን። ማደሪያ የሌለው ሰው የሚሰካ ሃይብሪድ ቢገዛ ግን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ ቤንዚን ሲያቃጥል ይኖራል።

የማይሰካው ደግሞ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደህና አማራጭ ነው። ሰልፉ አይቀርላችሁም፣ ግን ያጥራል። ሁለቱም ዓይነት ዘይትም፣ ካንዴላም፣ ባትሪም አላቸው። የሚጠገነው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የግብር ማበረታቻም የተሰጠው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ለሆኑት ነው። ደላላ "ሃይብሪድም ያው ነው" ቢላችሁ አትመኑ፤ ጉምሩክን ጠይቁ።

ባትሪው በጥቂት ዓመት ያልቃል ይባላል። እውነት ነው?

እንደ ስልክ ባትሪ አይደለም። የብዙዎቹ መኪኖች ባትሪ የራሱ ማቀዝቀዣና መቆጣጠሪያ አለው። የአዲስ አበባ አየርም ይወደዋል፤ ባትሪን የሚጎዳው ከባድ ሙቀትና ከባድ ብርድ ነው። በ300 ኪሎ ሜትር እውነተኛ ጉዞ ብናሰላው፣ 1,000 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ብትጨርሱት 300,000 ኪሎ ሜትር ነድታችኋል ማለት ነው። ግማሽ ሁለቴ መሙላት እንደ አንድ ይቆጠራል።

የባትሪውን ዓይነት ግን እወቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ የቢዋይዲ መኪኖች የሚጠቀሙበት፣ ብዙ ጊዜ መሞላትን ይችላል። አልፎ አልፎ እስከ 100 ቢሞላ ጥሩ ነው። ኤንኤምሲ የሚባለው ቀላልና ብዙ የሚይዝ ነው፤ በየቀኑ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይሻለዋል። ሁለቱንም ባዶ አድርጋችሁ ለሳምንት አታቁሙ።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። ኤሌክትሪክ መኪናም ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ አለችው። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። በሩም ላይከፈት ይችላል። ለብዙ ቀን አቁማችሁ ከሄዳችሁ ይቺን አስቡ።

ከቻይና የመጣ መኪና ስገዛ ምን ልይ?

በመጀመሪያ ቋንቋውን። እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 4 ቢሆንም፣ ቶዮታ ወይም ሆንዳ ቢሆንም፣ የመጣው ከቻይና ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ልጆች አሉ፣ ግን በደንብ ካልተሠራ ሌላ ነገር ይበላሻል። ተቀይሮ ከሆነ ሁሉንም ማውጫ ከፍታችሁ እዩት።

የቻርጅ ቀዳዳውን እዩ። የቻይናዎቹ ጂቢቲ የሚባለው ነው። ወደ ውጭ ለሽያጭ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ናቸው። የምትጠቀሙበት ጣቢያ የትኛው እንዳለው ሄዳችሁ አረጋግጡ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፣ ክፍያው በቴሌብር ነው። ሌሎችም እየተከፈቱ ነው።

ከዚያ ዋስትናውን ጠይቁ። ፋብሪካዎች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ነው። ያ ዋስትና ግን መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። በግለሰብ አስመጪ የመጣ መኪና እዚህ ማን ይመልስላችኋል? አስመጪው ራሱ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። መለዋወጫም እንዲሁ ነው። የፊት መብራትና መስታወት አገር ውስጥ መኖሩን ከመግዛታችሁ በፊት አፈላልጉ። ጓደኛዬ አንድ የፊት መብራት ተሰብሮበት ሁለት ወር ከግማሽ ጠብቋል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪናስ?

የባትሪውን ጤና ሳታስለኩ እንዳትገዙ። ኦቢዲ በሚባል፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ላይ በሚያነብ መሣሪያ ይነበባል፣ በመቶኛ ይወጣል። ከሥሩም አስነሱትና እዩት። ባትሪው የተዘረጋው ከመኪናው ሥር ነው። በኮረኮንችና በፍጥነት መገደቢያ የተፋቀ፣ የተጎደጎደ ካለ ተዉት። ሻጩ "መሬት ትንሽ ነክቶት ነው" ይላል። ነገሩ ግን ዋናው ዕቃ ነው።

ጋራዥ የሚያውቀው አለ?

እየበዙ ነው። ግን ሁሉም "እናውቃለን" ይላል። ለመለየት አንድ ጥያቄ አለኝ። ብርቱካናማ ገመዶቹን ከመንካትህ በፊት ምን ታደርጋለህ በሉት። እነዚያ ገመዶች ሰው የሚገድል ኃይል ይሸከማሉ። መጀመሪያ ኃይሉን እንደሚያቋርጥና መከላከያ ጓንት እንደሚያደርግ ካልነገራችሁ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ለእሱም ሕይወት ነው።

ሰርቪሱ ራሱ ቀላል ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚባል የለም። የፍሬን ሸራም ብዙ ዓመት ይሄዳል፣ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፣ መኪናው ከባድ ነውና። መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ በገመድ አታስጎትቱት። ተጭኖ ነው የሚሄደው።

ዳገት ይወጣል? ክረምትስ?

ዳገቱን እንዲያውም ይወደዋል። ቤንዚን መኪና አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እንጦጦን ስትወጡ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

በዝናብ መንዳትም ቻርጅ ማድረግም ችግር የለውም፣ ሶኬቱ ከዝናብ እስከተከለለ ድረስ። የጎርፍ ውኃ ግን ለማንኛውም መኪና ጠላት ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ከዚያ ልላክልህ ይለኛል። ልቀበል?

ቤታችሁ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፣ አብሮት የሚመጣው ቻርጀር የእኛን 220 ቮልት የሚችል ከሆነ። ነገር ግን የአሜሪካው የቻርጅ ቀዳዳ እዚህ ካሉት ፈጣን ጣቢያዎች ጋር አይገጥምም፣ አስማሚ ያስፈልጋል። መለዋወጫውንም ሁልጊዜ ወንድማችሁ ነው የሚልከው። እኔ ብሆን ብሩን ልኮ እዚህ ያለውን ቢያግዘኝ እመርጣለሁ።

አሁንም መወሰን አቃተኝ። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ለአንድ ወር የምትነዱትን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ብዙ ሰው በቀን ስንት እንደሚነዳ አያውቅም፤ እኔ 80 መስሎኝ 40 ነበር። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ መኪና ለአንድ ሳምንት ተከራዩ፣ ወይም ዘመድ ካለው ተለዋወጡ። ገንዘብ ቢያስወጣም አይቆጫችሁም። ያን ሳምንት ወደ ፈጣን ጣቢያ አትሂዱ። መኪናው ወደፊት በሚያድርበት ቦታ፣ በዚያው ሶኬት ስኩት። ሌሊት አንዴ ተነሱና ሶኬቱን በእጃችሁ ዳብሱት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ንቀሉትና ጠዋት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ የመኪናው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።